ፋኑ ይዞራል፣ ቁጥሩ ዜሮ ነው

እትዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላቸው። ኮምፒውተራቸው ጠዋት ሲከፈት ጢጥ ጢጥ ይልና ጥቁር ስክሪን ላይ ይቆማል። የሲፒዩ (የኮምፒውተሩ ዋና አሳቢ ቺፕ) ማቀዝቀዣ ፋን ችግር አለ፣ ለመቀጠል ኤፍ ዋን ተጫኑ ይላል። እትዬ እንግሊዝኛውን አያነቡትም። ኤፍ ዋን የት እንዳለች ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያውቃሉ። ሱቅ ይከፈታል፣ መብራት መኖሩ ይታያል፣ ኤፍ ዋን ይጫናል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

ነገሩ ይሄ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። እኔን ሲያብከነክነኝ የከረመው ፋኑ አዲስ መሆኑ ነው። ከእኔ በፊት ያየላቸው ባለሙያ "ፋኑ አልቆለታል" ብሏቸው ከባሕር ዳር አስመጥተው ነበር። ተገጠመ፣ ዞረ። በማግስቱ ጠዋት ያው ጢጥ ጢጥ፣ ያው ኤፍ ዋን። ባለሙያው ተመልሶ መጣና "እንግዲያውስ ኢግኖር እናድርገው" አለ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ "ፋኑን አትከታተል" የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን ማለቱ ነው። እትዬ እምቢ አሉ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦

"ነገር ከሌለ ለምን ይጮሃል? ነገር ካለ ደግሞ አፉን ዘግቼ ምን አተርፋለሁ?"

ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ቆይቻለሁ። ጥያቄውን እንዲህ አሳጥሮ ያስቀመጠልኝ ባለሙያ አላጋጠመኝም።

ከሁለታችን ማን ይዋሻል?

የጎኑን ክዳን ከፈትኩት። ውስጡ የምታውቁት ነው፤ የወረቀት ብናኝ፣ የቶነር ዱቄት፣ ከመንገድ የገባ አቧራ። ፋኑ ግን ደህና ይዞራል። ባዮስ ውስጥ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚታይበትን ገጽ ከፍቼ አሳየኋቸው። የሲፒዩ ፋን በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው 0 ነው።

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው መዳፋቸውን ወደ ፋኑ አስጠጉ። "ንፋሱ እጄ ላይ አለ። ማሽኑ የለም ይላል። ኸሁለታችን ማን ነው የሚዋሸው?"

እዚህ ላይ ፋን እንዴት "ዞርኩ" ብሎ እንደሚናገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከፋኑ ሦስት ሽቦ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥቁሩ ግራውንድ ነው፣ ቀዩ 12 ቮልት ነው። ሁለቱ ካሉ ፋን ይዞራል። ቢጫው ሥራው ወሬ ማድረስ ብቻ ነው። ፋኑ እምብርት ውስጥ የማግኔቱን ማለፍ የሚያይ ሆል ሴንሰር የሚባል ትንሽ ነገር አለ። አብዛኞቹ ፋኖች አንድ ዙር ሲዞሩ በቢጫው ሽቦ ሁለት ምልክት ይልካሉ። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያለው ቺፕ ምልክቱን ተቀብሎ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ ያሰላል። አራት ሽቦ ያላቸው ፋኖች ላይ አራተኛው ፍጥነት ማዘዣ ነው።

ስለዚህ መብራቱና ወሬው በተለያየ ሽቦ ነው የሚሄዱት። ቢጫው ቢበጠስ ፋኑ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ስክሪኑ ዜሮ ይላል። ይሄን ስነግራቸው እትዬ "በቃ፣ ሽቦው ነዋ!" አሉ። እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነበር።

ፋኑን ከሲፒዩው ሶኬት ነቅዬ አጠገቡ ያለው የኬዝ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ፋን ሶኬት ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ 1,100 ገደማ አለ። እንግዲህ ፋኑ ጤነኛ ነው፣ ቢጫው ሽቦም ጤነኛ ነው። ወደ ሲፒዩው ሶኬት ስመልሰው ዜሮ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ "ማዘርቦርዱ ነው" ብሎ መፍቻውን ይሰበስባል። አይወቀስም፤ ማስረጃው ወደዚያ ያመለክታል። እኔ ልነሳ ስል ግን እትዬ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎተቱ። እትዬ ምንም ነገር አይጥሉም። ካርቶኑ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሲገዛ አብሮት የመጣው የመጀመሪያው ፋን አለ፤ ባለሙያው "አልቆለታል" ያለው ከእሱ በኋላ የተገጠመውን ነበር።

"ይሄ ደህና ነበር። ጩኸቱ እያስቸገረ ዝም የሚል ቀይሩልኝ ብዬ ነው ያስወጣሁት። ኤፍ ዋን የመጣው ኸዚያ ወዲህ ነው።"

የድሮውን ፋን በዚያው "ሞተ" በተባለው ሶኬት ላይ ሰካሁት። እንደ ወፍጮ ቤት ቤቱን አናወጠው። ስክሪኑም 2,900 አለ።

አስቡት እንግዲህ። ሶኬቱ አንዱን ፋን ያነባል፣ ሌላውን አያነብም። ፋኑ በአንዱ ሶኬት ይነበባል፣ በሌላው አይነበብም። ፋኑም ጥፋተኛ አይደለም፣ ሶኬቱም ጥፋተኛ አይደለም። ዜሮው ግን እዚያው ነው።

የካሜራው ምስክርነት

ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ ይባላል። ከማዘርቦርዱ ወሬ ውጭ የሆነ ሌላ ቆጣሪ ፈለግሁ። ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ የለኝም። ሰሞኑ ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ነበር፤ በሩ ላይ ወረፋ የሚጠብቁ ተማሪዎች አሉ። አንደኛዋ ስልክ በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስሎው ሞሽን አለው።

ዝም የሚለውን ፋን መልሼ ገጠምኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አንዱ ክንፍ ላይ በእትዬ ፍሉድ ነጭ ነጥብ አደረግሁ። እስኪደርቅ ጠበቅን። ኮምፒውተሩን ወደ በሩ አስጠጋሁት፤ እንዲህ ዓይነት ቀረጻ በቀን ብርሃን ነው የሚሻለው። የመብራታችን ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ የሸንበቆ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ያየዋል፣ ቆጠራውንም ያበላሻል።

ቀረጸች። ቪዲዮውን አንድ አንድ ፍሬም እያሳለፍን ነጯን ነጥብ ተከተልናት። አሥር ዙር 131 ፍሬም ወሰደ። 240 ፍሬም አንድ ሰከንድ ነው። ሲሰላ በደቂቃ 1,099 ዙር ይመጣል። የኬዙ ሶኬት 1,100 ገደማ ብሎ ነበር።

ልጅቷ ጽሑፏን እስካሁን እንዳላሳተመች ትዝ ያላት ይሄኔ ነው።

ሞልቶ የፈሰሰ ዜሮ

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የቺፑን ሰነድ አወጣሁ። ማዘርቦርዱ ላይ በስልክ ባትሪ አብርቼ ያነበብኩት ስም ዊንቦንድ 83627 ኤችኤፍ ይላል። ኢንተርኔት በተገኘ ሰዓት ሰነድ ማውረድ ልማዴ ነው፤ ጎጃም ያለ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቀኝም። ይህ ቺፕ ፋን የሚቆጥርበት ዘዴ ናሽናል ሴሚኮንዳክተር በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ባወጣው ኤልኤም 78 ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

እኔ እስከዚያች ማታ ድረስ ቺፑ የፋኑን ምልክት የሚቆጥር ይመስለኝ ነበር። አብዛኛው ሰውም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ቺፑ ግን የሚቆጥረው ጊዜን ነው። ውስጡ በሰከንድ 22,500 ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለ። ፋኑ አንድ ዙር እስኪጨርስ ሰዓቱ ስንት ጊዜ እንደመታ ይመዘግባል። 22,500 በ60 ሲባዛ 1,350,000 ነው። ይህን በተመዘገበው ቁጥር ስታካፍሉት የዙር ፍጥነቱ ይወጣል።

ፋኑ ሲፈጥን ዙሩ ቶሎ ያልቃል፣ የተመዘገበው ቁጥር ትንሽ ይሆናል። ሲዘገይ ቁጥሩ ይተልቃል። ያዙልኝ ይህቺን፤ ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው።

መዝገቡ ስምንት ቢት ነው። ከ255 በላይ መያዝ አይችልም። የእትዬ ዝምተኛ ፋን በ1,100 ሲዞር አንዱ ዙር 1,227 ምት ይፈጃል። አይገባም። ለዚህ ብለው የሠሩት ሰዎች ማካፈያ አዘጋጁለት፤ ሰዓቱ በ2፣ በ4 ወይም በ8 ተካፍሎ ቀስ ብሎ እንዲመታ ማድረግ ይቻላል። በ2 ሲካፈል 613 ይሆናል፣ አይገባም። በ4 ሲካፈል 307 ገደማ፣ አሁንም አይገባም። በ8 ግን 153። ገባ!

የድሮውስ ፋን? በ2,900 ሲዞር አንድ ዙር 465 ምት ገደማ ነው። በ2 ሲካፈል 232፣ ለጥቂት ይገባል። የሲፒዩው ሶኬት ማካፈያ 2 ላይ ከተቀመጠ ከ2,650 ዙር በታች የሚሄድ ፋን ሁሉ ለእሱ የለም ማለት ነው። የኬዙ ሶኬት ማካፈያ ደግሞ 8 ከሆነ እስከ 660 ገደማ ዝቅ ብሎ ያያል። ሁለቱም ሶኬቶች ጤነኛ ናቸው፤ የተሰጣቸው መስፈሪያ ነው የተለያየው።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ቁጥሩ ሞልቶ 255 ላይ ሲደርስ ቺፑ እዚያው ይቆማል። ያንን የሚያነበው ፕሮግራም ደግሞ 255ን ሲያይ "ፋኑ ቆሟል" ብሎ ይተረጉምና 0 ይጽፋል። ስለዚህ እትዬ በየጠዋቱ የሚያዩት ዜሮ ባዶ መዝገብ አልነበረም። ሞልቶ የፈሰሰ መዝገብ ነበር። ቁና ሞልቶ ሲፈስ ሰፋሪው "እህል የለም" ብሎ እንደመዘገበ ቁጠሩት።

ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ቶሎ አልተኛሁም። ዜሮ ስናይ ሁላችንም የምንረዳው "ምንም የለም" ብለን ነው። የሜትሮሎጂ መዝገብ ላይ ዝናብ 0 ሲል ደረቅ ቀን ነበር እንላለን። ሰውየው በዚያ ቀን መስፈሪያውን ሳያየው ቀርቶስ እንደሆነ? ሁለቱ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። "ቆሟል" እና "መቁጠር አልቻልኩም" የሚሉት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች በአንድ ክብ ምልክት ሲጻፉ አንባቢው ምን ያድርግ? የቺፑ ሠሪዎች ላይ አልፈርድም። አስቀድሞ ለማስጠንቀቅ ነው የሠሩት፤ በጣም የዘገየ ፋን እንደቆመ ቢቆጠር ይሻላል ብለው ይሆናል። ግን ቢያንስ ሰረዝ ቢያደርጉበት ምን ነበረበት? አንድ ሰረዝ ብትኖር እትዬ ከባሕር ዳር ፋን አያስመጡም ነበር።

በማግስቱ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) የጫንኩበትን ፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ኤልኤም ሴንሰርስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቺፑን ያውቀዋል። የሲፒዩውን ፋን መስመር አየሁት፤ 0፣ ማካፈያ 2። ማካፈያውን 8 አደረግሁት። መስመሩ ወዲያው 1,103 አለ። 1,350,000ን በ153 እና በ8 አካፍሉት፣ ልክ ያንኑ ታገኛላችሁ። እትዬ ቁጥሩን አይተው እንደገና እጃቸውን ወደ ፋኑ አስጠጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ደስታው ለአፍታ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ባዮሱ ማካፈያውን መልሶ 2 ያደርገዋል። በዚህ ማዘርቦርድ ባዮስ ውስጥ ደግሞ ማካፈያ መቀየሪያ የለም። አዳዲሶቹ ቺፖች መዝገባቸው 16 ቢት ስለሆነ ይሄ ጣጣ አይገጥማቸውም። ብዙዎቹ የእኛ አገር ሱቆች ግን በአዳዲሶቹ አይሠሩም።

አንድ የሙያ ጓደኛዬ መፍትሔ አመጣልኝ። "ያንን ጯሂ የድሮ ፋን ከኋላ ግጠመውና ሽቦውን በሲፒዩው ሶኬት ሰካው። ሲፒዩው ላይ ያለውን ዝምተኛ በኬዙ ሶኬት ሰካው። ባዮሱ 2,900 ያያል፣ ዝም ይላል።" እውነት ነው፣ ዝም ይላል። ግን ጠባቂው የሚጠብቀው ሌላ ሰው ቤት ይሆናል። የሲፒዩው ፋን የቆመ ዕለት ባዮሱ የኋላውን እያየ "ሰላም ነው" ይላል። ኢግኖር ማድረግ ከዚህ ይሻላል፤ ቢያንስ እንደማይጠብቅ ታውቃለህ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። የድሮው ፋን የሚጮኸው ስለደረቀ ነው። መሐሉ ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት በጥንቃቄ ብትልጡት ዘንጉ ይታያል። ከሱቁ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፉ አባት አሉ። ከስፌት መኪናቸው ዘይት ጠብታ ለመንናቸው። ዘንጉን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ ዘይቱን ጠብ አደረግሁ፣ በጣቴ አዞርኩት፣ ወረቀቱን መለስኩ። ዘይቱ ከበዛ ወረቀቱ አይለጠፍም፣ ፋኑም ሲዞር ዙሪያውን ይረጫል፤ አንድ ጠብታ በቂ ነው። ሲፒዩው ላይ ያለውን የደረቀ ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያሻግር ቅባት) ጠርጌ አዲስ ቀባሁና ፋኑን ወደ ቦታው መለስኩት። ጩኸቱ ጨርሶ አልጠፋም፣ አጠገቡ ሲያወሩ ግን መደማመጥ ይቻላል። ኤፍ ዋን ቀረች።

አዲሱን ፋን ከኋላ በኩል ገጠምኩት። እትዬ ገንዘባቸውን አስበው "ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበደርኩ" አሉ። አልተስማማሁም። ከኋላ ሙቅ አየር የሚያወጣ ፋን ለዚያ ሱቅ ትርፍ አይደለም። ለምን እንዳልኩ ልንገራችሁ።

እውነተኛው ቁጥርስ ምን ይነግረናል?

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ውሃ ስናፈላ እንኳ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላልን። ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው የአየር ስፋት የትም ቢሆን ያው ነው። ሙቀት የሚሸከመው ግን የአየሩ ክብደት ነው። እዚህ ያው 1,100 ዙር የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ ስንወርድ ጆሯችን ሲደፈን የምንሰማው ይሄንኑ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ እየወረድን አየሩ ይወፍራል። ኮምፒውተሩን ይዘነው ብንወርድ ያው ፋን በያው ዙር የበለጠ አየር ይገፋል፤ የበረሃው ሙቀት ግን ትርፉን ሁሉ ይበላዋል። የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ሳሳ ያለ አየር ለፋኑ ክንፍ ቀላል ነው፤ ስለዚህ በያው ቮልቴጅ ደጋ ላይ ትንሽ ፈጠን ብሎ ይዞራል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ፣ ማቀዝቀዙ ትንሽ ዝቅ። ሰርቨር የሚሠሩ ድርጅቶች ማንዋላቸው ላይ ከተወሰነ ከፍታ በላይ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት እየቀነሱ የሚጽፉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ዜሮው ሐሰት ሆኖ ተገኘ ብለን 1,103ን ማመን እንኳ ሙሉ መልስ አይሆንም። የዙር ቁጥር ስለ ፋኑ ጤና ይናገራል። ሲፒዩው ቀዝቅዟል ወይ ለሚለው ግን የሚጠየቀው ሙቀቱ ራሱ ነው። እኔ አሁን የሰው ኮምፒውተር ስከፍት መጀመሪያ የማየው የዙሩን መስመር አይደለም። ሥራ አበዛበትና ሙቀቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚወጣ፣ ሥራው ሲቆም ምን ያህል ቶሎ እንደሚወርድ አያለሁ። ፋኑ ቆሞ ከሆነ ይወጣል፣ ቶሎ አይወርድም። ፋኑ እየዞረ ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ማቀዝቀዣው ብረት በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል፤ ሥራ ሲበዛ ወዲያው የሚዘል ከሆነ ደግሞ ፔስቱ ደርቆ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

በነገራችን ላይ በአዝመራ ሰሞን፣ አውድማው ሲወቃ፣ ከተማ ዳር ያሉ ሱቆች ውስጥ የሚገባው ብናኝ የቢሮ አቧራ አይደለም። ገለባ አለበት። ከብረቱ ክንፎች መሐል ይሰነቀራል፣ በመንፋት ብቻ አይወጣም። ለስላሳ ብሩሽ ያዙ።

675,000

የእትዬ ሁለተኛው ኮምፒውተር በተቃራኒው ነው የታመመው። እሱ ላይ የኋላው ፋን አልፎ አልፎ 675,000 ዙር ያሳያል። በደቂቃ! ስፋቱ 9 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፋን በዚህ ፍጥነት ቢዞር የክንፉ ጫፍ ከድምፅ ዘጠኝ ጊዜ ፈጥኖ ይሄዳል። እዚያ ከመድረሱ በፊት ፕላስቲኩ ተበጣጥሶ ግድግዳው ላይ ነበር።

ያቺን የማታ ስሌት ከሠራሁ በኋላ ግን ይሄ ቁጥር አላስደነገጠኝም። 1,350,000ን በ2 አካፍሉት። 675,000 ነው። መዝገቡ ላይ 1 ተጽፏል፣ ማካፈያው 2 ነው፣ ያ ብቻ ነው። ሰዓቱ ገና አንዴ ሲመታ "ዙሩ አልቋል" የሚል ምልክት ደርሶታል። ምልክቱ ከፋኑ አልመጣም፤ ቢጫው ሽቦ ላይ ከሌላ ቦታ የገባ ረብሻ ነው።

ሰበቡ ብዙ ሊሆን ይችላል። የላላ ሶኬት አለ። ሦስት ሽቦ ያለውን ፋን መብራቱን እየቆራረጠ ፍጥነቱን የሚቀንስ ማዘርቦርድ አለ፤ መብራቱ ሲቆረጥ ሆል ሴንሰሩም አብሮ ይጠፋልና ምልክቱ ይሸራረፋል። ሁለት የሙቀት መከታተያ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ሲከፈትም ይመጣል። አንዱ ቺፑን "የፋኑን ቁጥር ስጠኝ" ብሎ ገና ሳያነብ ሌላው "የሙቀቱን" ይለዋል። የመጀመሪያው የሰው መልስ ይዞ ይሄዳል። ይሄኛው ቀላል ነው፤ አንዱን መዝጋት ነው። ግማሽ ወይም እጥፍ የሚያሳይ ፋን ከገጠማችሁ ደግሞ ረብሻ አይደለም፤ በአንድ ዙር የሚልከው ምልክት ከሁለት ያነሰ ወይም የበለጠ ይሆናል።

እትዬ ጋ አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው ያለው። ሶኬቱን አጥብቄ የሽቦውን ጫፍ ቀየርኩት። ረገብ አለ። ግን ትልቁ የፎቶ ኮፒ ማሽን መሞቅ ሲጀምር ቁጥሩ አንዳንዴ አሁንም ይዘላል። ማሽኑና ኮምፒውተሩ ከአንድ ማከፋፈያ ነው መብራት የሚወስዱት። ሕንፃውም ግራውንድ ያለው አልመሰለኝም፤ ኬዙን በባዶ እጅ ስትነኩት ንዝር ያደርጋል። እትዬ ለካ ይሄንንም ያውቁ ኖሯል፤ "ለዚህ ነው ነጠላ ጫማዬን የማላወልቀው" አሉኝ። የሕንፃው ባለቤት ኤሌክትሪሺያን ለማምጣት ቃል ገብተዋል። እስኪመጣ ኮምፒውተሩን በሌላኛው ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት ሰክቼዋለሁ፤ ሰንጠረዥ አዘጋጅቼም ቁጥሩ የዘለለበትን ሰዓትና ኮፒ ማሽኑ የተከፈተበትን ሰዓት ጎን ለጎን እንዲጽፉልኝ አድርጌያለሁ።